የኮምባይነሩን ዘበኛ ያሰናበትኩ ለት

ሮቤ ውስጥ «ኢንጂነር» ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች አሁንም አሉ። ማዕረጉን ያገኘሁት ከአንድ የተበላሸ ቴፕ ነው። ፈትቼ ስገጥመው አራት ብሎን ተረፈኝ፤ ቴፑ ግን ዘፈነ። ባለቤቱ ተደስቶ ሄደ፣ እኔም ብሎኖቹን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተረፈ ብሎን አያስደነግጠኝም፤ ፋብሪካው ያበዛው ነው ብዬ አልፋለሁ። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ቴፑ ባይዘፍን ኖሮ ለእኔም ለሌላ ሰውም ይሻል ነበር።

ይህ ግንባሩ አገር በሚገዛበት ዘመን ነው፤ ሞባይል ገና የባለሥልጣንና የነጋዴ ጌጥ በነበረበት ሰሞን። ሱቄ ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት ነበረች። ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ያልተበላሸም ከመጣ እስኪበላሽ አቆየዋለሁ። ኋላ ኮምባይነሮቹም ሆዳቸው ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ይዘው መምጣት ጀመሩ። እኛ ጋ ስንዴ በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል፤ አጨዳ ሲደርስ ሜዳው በማሽን ይሞላል፣ ማሽን ሲቆም ደግሞ የሚጠራ ሰው ይፈለጋል። የሞተሩ መካኒክ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ የሽቦ ነው» ሲል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዞር በሉ አላልኩም።

አንድ የአጨዳ ሰሞን አንድ ኦፕሬተር ሱቄ መጣ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ዝምተኛ፣ የሮቤ ልጅ ነው። ማሽኑ የእሱ አይደለም፤ የአንዲት የጎባ ነጋዴ ሴት ነው፣ እሱ ይነዳላታል።

«ጋሼ፣ ማጨጃው በየግማሽ ሰዓቱ በራሱ ይቆማል» አለኝ። «ቀይ መብራት ይበራል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ሐጂ ሊገድሉኝ ነው።»

ሐጂ የሚላቸው የስንዴው ባለቤት ናቸው፤ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል ሰፊ መሬት ያላቸው፣ የተከበሩ ሰው። በጋሪ ደረስን። ስንዴው ገና ግማሹ ቆሟል፣ በሳነቴ ተራራ ላይ ደግሞ ያለጊዜው ዳመና ተቆልሏል። የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ለባሌ ሰው አይነገርም።

«ኢንጂነር፣ አካም ቡልቴ» አሉኝ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ከዳመናው ሳያነሱ። «ሰላምታውን ኋላ እጨርሰዋለሁ። አሁን ይሄን ብረት አስነሳልኝ።»

ከኦፕሬተሩ ወንበር ሥር ያለውን ሳጥን ከፈትኩ። ውስጡ ፕሮሰሰር የሚሏት የጥፍር ስፋት ያላት ጥቁር አእምሮ ተቀምጣለች። ኦፕሬተሩ ማብሪያ ሲጫን ማጨጃውን የምታስነሳው፣ ሲያጠፋም የምታስቆመው እሷ ናት። ቀለቧ አምስት ቮልት ነው። ጥቂት ቢጎድልባት አትሞትም፤ ብትሞት በተሻለ። ትቃዣለች። የተነገራትን ትረሳለች፣ ያልተነገራትን ታደርጋለች። ለዚህ ብለው ሠሪዎቹ አጠገቧ ሌላ ነገር አቁመዋል፤ ሦስት እግር ያለው፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ። ሥራው ቮልቴጁን እያዩ መቀመጥ ብቻ ነው። ቮልቴጁ ከልኩ ሲወርድ ፕሮሰሰሯን ያስተኛታል፣ ማጨጃው ይቆማል፣ ቀይ መብራት ይበራል። ቮልቴጁ ተመልሶ ሲረጋ ይቀሰቅሳታል፤ ያኔም ሁሉ ነገር ጠፍቶ ነው የምትነሳው። ዘበኛ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

አላወቅኩም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ሰው አለማወቁ ቢያሳፍረውም ሌሊት ያስተኛዋል። እኔ ግን አውቄያለሁ። ቴስተሬን ሰክቼ መርፌው ሲዋዥቅ አየሁ። ዘበኛው ልክ ነው፤ ጥፋቱ ከባትሪው ወደ ሻንሲው፣ ወደ ማሽኑ የብረት አካል፣ የሚሄደው ገመድ ነው፣ ጫፉ ዝጎ አረንጓዴ ለብሷል፣ ዲናሞውም ደክሟል። ገመዱን ለማውጣት ከማሽኑ ሥር ተኝቶ ግማሽ ቀን መፍታት ያስፈልጋል። ዲናሞው ደግሞ ሻሸመኔ ድረስ መላክ አለበት። ዳመናውን አየሁ። ሐጂን አየሁ። ነጭ ሸሚዜንም አየሁ፤ ኢንጂነር ነኝና ነጭ ለብሼ ነበር የሄድኩት።

ከዚያ የዘበኛውን አንዱን እግር፣ ፕሮሰሰሯን የሚያስተኛበትን፣ በመበየጃዬ አሙቄ ወደ ላይ አነሳሁት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ቆሞ ያያል፣ ግን ማንንም ማስተኛት አይችልም።

ማሽኑ ተነሳ፣ አልቆመም። ሐጂ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ቤት ስገባ አንድ ማሰሮ የሪራ ማር ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ከመሄዴ በፊት ግን ኦፕሬተሩ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያ ያነሱት ነገር ችግር የለውም?»

«የምን ችግር?»

«ሠሪዎቹ ያስቀመጡት በምክንያት ይሆናላ።»

«ፈረንጅ ፈሪ ነው» አልኩት። «ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ ይይዛል። አንተ እጨድ።»

ሳቀ። እኔም በቀልዴ ተደሰትኩ። በሚቀጥሉት ቀናት በሌሎች ሁለት ማሽኖች ላይ ያንኑ ሠራሁ፤ «የኢንጂነር ዘዴ» ተብሎ ወሬው እስከ ጎባ ሄደ። ባለቤቴ ማሩን እየቀመሰች «ግማሽ ቀን የሚፈጀውን በሦስት ደቂቃ ከጨረስክ ሌላው ሰዓት የት ሄደ?» አለችኝ። እኔም ሌላ ማንኪያ ማር ጎረስኩ።

በአራተኛው ቀን ሱቄ ተቀምጬ ስለዚያው ጥገና ስጎርር አንድ ባለጋሪ ገባ። «የሐጂን ታናሽ ወንድም ማሽን በላው» አለ።

እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ግን ሁሉም የሚያወራው አንድ ነው። ማጨጃው ገለባ ጎረሰ። ኦፕሬተሩ ማጨጃውን አጠፋ፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አድርጎ በቀስታ እንዲዞር ተወው፣ «ጥረግ» አለ። የሐጂ ወንድም እጁን ከቶ ገለባውን ሲስብ ማጨጃው ዞረ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣት ሄደ። ኦፕሬተሩ «አጥፍቼዋለሁ፣ ወላሂ አጥፍቼዋለሁ» እያለ ጮኸ፤ የሰማው እንጂ ያመነው አልነበረም። የጠፋ ማሽን ጣት አይቆርጥም። የጎባዋ ነጋዴ በዚያው ቀን ቁልፏን ተቀበለችው።

እኔ ግን ወሬውን እንደሰማሁ ገባኝ። ሞተር በሚኒሞ ሲዞር ደካማ ዲናሞ ይብስ ይደክማል። ቮልቴጁ ወረደ፣ ፕሮሰሰሯ ቃዠች፣ ሊያስተኛት የሚገባው ደግሞ እግሩ ወደ ላይ ነው።

በማግስቱ ሐጂ ላኩብኝ። የኦፕሬተሩ ወገኖች በጃርሳ፣ በሽማግሌ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። ሐጂ ግን እውነቱ ሳይጣራ አልቀመጥም ብለዋል። «ማሽኑን የምታውቀው አንተ ነህ» አሉኝ። «ሄደህ እየው። ነገ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠህ ትነግረናለህ።»

በዚህ ዓይነት ሌባው ዳኛ ሆንኩ።

ማሽኑ ሜዳው መሀል ብቻውን ቆሟል። ሳጥኑን ከፈትኩ። የዘበኛው እግር እንደተውኩት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያመለክታል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ዛሬም ስጽፈው እጄን የሚያሳክከኝን ነገር አደረግሁ፤ እግሩን ወደ ቦታው መልሼ በየድኩት። እንዲያውም አሳምሬ። በዚህም አልበቃኝም፤ ማሽኑ ሥር ገብቼ፣ ሸሚዜን ጭቃ አድርጌ፣ የዛገውን ገመድ ፈትቼ፣ ፍቄ፣ አጽድቼ መለስኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ያጣሁትን ጊዜ ጥፋቴን ለመደበቅ አገኘሁት። ሲመሽ እነዚያን ሁለት ማሽኖች ዞሬ «በነፃ ላያችሁ መጣሁ» እያልኩ የዘበኞቻቸውን እግር መለስኩ። ባለቤቶቹም ኦፕሬተሮቹም በደግነቴ መረቁኝ።

በነጋታው በሐጂ ግቢ ከጥዱ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ በየተርታው። የሐጂ ወንድም እጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከፊታችን ተቀምጧል። ኦፕሬተሩ ትኩስ ሣር በእጁ ይዞ ከወገኖቹ ጋር ቆሟል። ከመሀላችን ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማሽን ጠፍቶ ሳለ በራሱ ይዞራል?»

«ማሽኑን አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ደህና ማሽን በራሱ አይዞርም።»

ቃሉን ሌሊቱን ሙሉ ስመርጠው ነው ያደርኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እንዲህ ያለ እውነት የሚሠራ ሰው ከውሸታም ይብሳል፤ ውሸታም ቢያንስ አይለፋም።

ኦፕሬተሩ አየኝ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ «ያን ቀን ያነሱት ነገርስ?» ይለኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም። ፊቱ ላይ ቁጣ እንኳ የለም። ግንባሩን ቋጥሮ የረሳውን እንደሚፈልግ ሰው ቆየ።

«እንግዲህ ጋሼ እንዲህ ካሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያጠፋሁ መስሎኝ ሳላጠፋው ቀርቼ ይሆናል። እጄ አጥፍቷል ይላል። ግን እሳቸው ያውቃሉ።»

ሣሩን አኖረ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጉማውን፣ የደም ካሳውን፣ ሊከፍል ተቀበለ። ሐጂም ወንድማቸውም ይቅር አሉት። ታረቁ፣ ተመራረቁ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ይቅር ያሉት ሰዎች ማሽን አልሰጡትም። ያላጠፋውን ያጠፋ የሚመስለው ኦፕሬተር ማን ይፈልጋል? ጋሪ መንዳት ጀመረ። ጋሪ መቆሚያው ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ እግዚአብሔር ሲቀጣ ሩቅ አይሄድም። አራት አጨዳ ሙሉ በመስኮቴ አየሁት። ፈረሱን ያስራል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ማሰሪያውን ይነካል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሌሎቹ ባለጋሪዎች «ፈረስህ ፊርማ ጠየቀህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቀን ጎባ የሚወስደኝ ባጃጅ አጣሁና እሱ «ጋሼ፣ ይውጡ» አለኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ወጣሁ። ከከተማ ሳንወጣ ሁለት ጊዜ ወርዶ የጎማውን ብሎን ነካ። በሦስተኛው ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ «ምን ሆነሃል አንተ፣ በዚህ አያያዝ ለፋሲካም አንደርስ» አለችው።

«ይቅርታ እናቴ። ጋሼ ያውቁኛል» አላት፣ ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ። «እጄ የሠራውን ልቤ አይይዘውም። ጣት ያስቆረጥኩት በዚህ ነው።»

እሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእኔ ቀጠለ። «ማሽኑስ ይሁን ጋሼ። አሁን ሶላት ላይ መጣብኝ። ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ እጠራጠራለሁ። ዉዱእ አድርጌ እንዳላደረግሁ ይመስለኛል፣ ደግሜ እታጠባለሁ። ሸኹ ወስዋስ ነው፣ የሰይጣን ሹክሹክታ ነው፣ አትስማው አሉኝ። እንዴት አልሰማውም? አንዴ ልክ ሆኖ ተገኝቷላ።»

ከዚያ እስከ ጎባ ድረስ ያወራሁት ስለ ፈረሱ ነው። ጥርሱ ጥሩ ነው አልኩ። ስለ ፈረስ ጥርስ የማውቀው ነገር የለም።

ቤቴ ስመለስ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኔ ምን እንዳደርግልህ ብለህ ነው የነገርከኝ?» አለችኝ። «እኔ ጋሪ አልነዳ።»

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሎቹ እንደገና ይጠሩልኝ፣ የጎባዋም ሴት ማሽኗን ታምጣ አልኳቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው ሐጂ አልተቆጡም። መቁጠሪያቸውን አስቀመጡና «አብረኸኝ አሜን ብለሃል» አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሰው መጣ፤ ከጠራሁት በላይ። የሐጂ ወንድም ሦስት ጣት በቀረው እጁ ጨብጦኝ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ልትቆርጥ ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ከሁሉ ፊት ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የዘበኛውን እግር እንደዚያን ቀን አነሳሁ፤ የሻንሲውን ገመድ አላላሁ። ሰው ሁሉ ርቆ እንዲቆም አደረግን። ኦፕሬተሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። እሱ ሞተሩን አስነሳ፣ ማጨጃውን አስነሳ፣ ከዚያ አጠፋ። ማጥፋቱን እንዲያዩ ሽማግሎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ጠራቸው፤ ያያሉ፣ ይወርዳሉ። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አደረገ፣ እጁንም ወደ ላይ አንስቶ ተቀመጠ።

ጠበቅን። ምንም አልሆነም። ደግመን ሞከርን። ማሽኑ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከኋላ አንዱ «አሁንስ ኢንጂነሩ ጃጀ» ሲል ሰማሁ። ብዙ ማሽን እንዳያዋርደኝ ለምኛለሁ፤ እንዲያዋርደኝ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሞተሩን አስነሳ፣ ማጨጃውን አስነስቶ አጠፋ፣ ሞተሩን ሚኒሞ አደረገ፣ እጁን አነሳ። የማሽኑ መብራቶች ፈዘዙ። ከዚያ ማጨጃው በባዶው፣ ማንም ሳይነካው፣ ዞረ።

ከሴቶቹ ወገን አንዷ ዓይኗን ሸፈነች። የሐጂ ወንድም የጎደለ እጁን ወደ ብብቱ ከተተ፤ መሳቁ ቀረ። ኦፕሬተሩ ሁለት እጁን እንዳነሳ ነው። ሞተሩን እንዲያጠፋ ሁለት ጊዜ ነገርነው፤ አልሰማም። ሦስተኛ ስንለው አጠፋና ከላይ ሆኖ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣

«አጥፍቼው ነበር» አለ።

ሽማግሎቹ ለሐጂ ወንድም ጊደር እንድሰጥ ፈረዱ፤ ሰጠሁ። ሣሩን ይዤ በተራዬ ቆምኩ። ሐጂ ይቅር አሉኝ፣ ወንድማቸውም። ከዚያ ሽማግሌው ኦፕሬተሩን «አንተስ ከእሱ ምን ትሻለህ?» አሉት።

«አጨዳ ሲደርስ ኦፕሬተሮች ከሚቀመጡበት ሻይ ቤት ሄደው ይንገሩ» አለ። «እዚህ እንደተናገሩት። ራሳቸው።»

«ከዚያስ ይቅር ትላለህ?»

«ማሽኑን ይቅር ብያቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ግን ራሴን እንዳላምን አድርገውኛል። እሱ የት እንደሚያልቅ አላውቅም። ሳያልቅ አለቀ ብዬ በሽማግሌ ፊት አልዋሽም።»

ሽማግሎቹ ሊጫኑት ፈለጉ፤ እንዲህ ተንጠልጥሎ የሚቀር እርቅ አይወዱም። ተዉት አልኩ። በዚያ ጉዳይ የተናገርኩት ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ተናገርኩ። እንደማሾፍ አድርጌ ልጀምረው አስቤ ነበር፤ ቀልዱ አፌ ላይ ደረቀ። ሰዎቹ ሻያቸውን ሳይጠጡ ሰሙኝ። ከዚያ የእነዚያ ሁለት ማሽኖች ኦፕሬተሮች፣ በነፃ ያየሁላቸው፣ እየተያዩ ተነሡ፤ አንደኛው የመረቀኝን ምርቃት እንደሚመልስ ሰው እጁን አራግፎ ወጣ።

የጎባዋ ሴት ለሚቀጥለው አጨዳ ቁልፏን መለሰችለት። አሁንም ማሽን ይነዳል፤ ገለባ ከመጠረጉ በፊት ሞተሩን ጨርሶ ያጠፋል፣ ቁልፉንም ነቅሎ ለሚጠርገው ሰው ያስይዛል ይሉኛል። ስለ ሶላቱ አልጠየቅኩትም፤ የምጠይቀው ሰው እኔ አይደለሁም።

በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን ቀድሞ ሰላም ይላል። ሰው መሀል ስንገናኝ እሱም «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» ይለኛል፤ የአስተዳደጉ ነው። ብቻችንን መንገድ ላይ ስንገጣጠም ግን ዝም ብሎ ይመጣል። እኔ ነኝ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ቀድሜ ሰላም የምለው። አንዳንድ ቀን ይመልስልኛል።